ቀለቡ ደርሷል፣ አባትየውስ?

ወገኖች፣ ስለ ንጉሥ ዳዊትና ስለ ልጁ አቤሴሎም ሲሰበክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ልጁ በአባቱ ላይ ካነሳው ዓመፅ ነው። እስቲ ዛሬ ስለ ተፋቱ ወላጆችና ስለ ልጆቻቸው ለመነጋገር ትንሽ ወደ ኋላ እንበል። 2ኛ ሳሙኤል 13ን እና 14ን ገልጣችሁ አንብቡ።

አቤሴሎም የአባቱን ልጅ አምኖንን ካስገደለ በኋላ የሸሸው ወደ ጌሹር ነው፣ የእናቱ አባት፣ የአገሩ ንጉሥ ተልማይ ዘንድ። እናቱ ወገን ገባ ማለት ነው። እዚያ 3 ዓመት ተቀመጠ። ዳዊት ልጁን ይናፍቅ ነበር፤ ግን ልኮ አላስመጣውም። የዳዊት የጦር አለቃ ኢዮአብ በብልሃት አማለደና ልጁ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ንጉሡ ግን ፊቴን እንዳያይ አለ። 2 ዓመት ሙሉ አንድ ከተማ ውስጥ እየኖሩ አልተያዩም። ልጁ ቤት አለው፣ እርሻ አለው፣ አገልጋይ አለው። አቤሴሎም ወደ ንጉሡ ሊልከው ኢዮአብን ጠርቶ አልመጣም ሲለው የገብስ እርሻውን አቃጠለበት። ሰው ያዳመጠው ያኔ ነው። (እኛም ቤት ልጅ ትምህርት ቤት ሲደባደብ «እናቱን ነው የወጣው» ተብሎ ይታለፋል፤ ስሙኝ እያለ መሆኑን የሚያይ የለም።)

በመጨረሻ ዳዊት ልጁን ሳመው። ምን እንዳወሩ ግን አልተጻፈም። በሚቀጥለው ምዕራፍ አቤሴሎም በከተማው በር ቆሞ የሕዝቡን ልብ ሲሰርቅ እናገኘዋለን።

ታሪኩ ስለ ፍቺ አይደለም፣ ልክ ነው። ፊት መንሳቱ ግን በተፋቱ ወላጆች መካከል በደንብ አለ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን አንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ ጋብቻ ሲፈርስ ስለ ልጆች አኗኗርና ስለ ቀለባቸው እንዲወስን ያዛል። ወላጆችና ልጆች እርስ በርስ ስለሚጠያየቁበት መብትም እንዲሁ። ልብ በሉ፣ መጠያየቁ የልጁም መብት ነው። አንዳንዱ አባት ግን ቀለቡን በባንክ ልኮ ጨረስኩ ይላል። አንዳንዷ እናት ደግሞ ብሩ ሲዘገይ ልጁን ትከለክላለች።

ጳውሎስ በቆላስይስ 3፥21 ልጆቻችሁን አታበሳጩ ሲል ምክንያቱንም ይነግረናል፤ ልባቸው እንዳይዝል ነው። «ለአባትሽ ንገሪው፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አልገባም» የተባለች ልጅ ልቧ ይዝላል። የአዋቂን ዕዳ ተሸክማ ነው የምትሄደው። እባካችሁ እናንተው በቀጥታ ተጻጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ክፍያ፣ በቃ። የድሮው ጉዳይ እዚያ አይነሳ። ልጁ ከአባቱ ቤት ደስ ብሎት ሲመለስም አታኩርፉበት፤ እናቱን አልከዳም።

ከዓመታት በኋላ ወደ ልጅህ የምትመለስ ወንድሜ፣ ከእናቱ ጋር የነበረህን ክርክር ለማስረዳት አትሂድ። ማን እንደበደለ የሚፈርድ ዳኛ ልጁ አይደለም። አዲስ ስልክ ገዝተህ ሄደህ እቅፍ አትጠብቅ። ቢቆጣ ስማው፣ መልስ አትመልስ። ቅዳሜ 4 ሰዓት እመጣለሁ ካልክ 4 ሰዓት እዚያ ሁን። ቃላችሁ አዎን አዎን ይሁን የተባለው ለዚህም ነው። ፍሬ ቢታይም ባይታይም በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ሂድ።

ድብደባ ወይም ማስፈራሪያ በነበረበት ቤት ነገሩ ሌላ ነው። ይቅር በይ እያላችሁ አንዲትን እህት ወደ አደጋ አትመልሱ። ሕግ ይያዘው። ፍርድ ቤት አባትና ልጅ ይተያዩ ካለም፣ ልጁን ተቀብሎ የሚያደርስ ሁለቱም የሚያምኑት ሦስተኛ ሰው ይኑር። አክስት ልትሆን ትችላለች፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ሊሆን ይችላል። ብቻ ወሬ የማያመላልስ ይሁን።