የብሪታንያ መብራት፦ ከሰሉ ጠፋ፣ ጋዙ ቀረ

ብሪታንያ የድንጋይ ከሰል እያቃጠለች ለሕዝብ መብራት መስጠት የጀመረችው በ1882 ለንደን ውስጥ፣ ሆልቦርን ቫያደክት በተባለ ስፍራ ነው። ማመንጫውን የተከለው የቶማስ ኤዲሰን ኩባንያ ነበር። የመጨረሻው የከሰል ማመንጫ የተዘጋው ደግሞ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከቡድን ሰባት አገሮች መካከል ከሰልን ከኃይል ማመንጫዎቿ ሙሉ በሙሉ ያስወጣች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ይህ ማለት ግን አገሪቱ ነዳጅ አቃጥሎ ከማመንጨት ተላቀቀች ማለት አይደለም።

የከሰል ዘመን ዋጋው ከባድ ነበር። በዲሴምበር 1952 ከምድጃዎችና ከማመንጫዎች የወጣው ጭስ ከጉም ጋር ተደባልቆ ለንደን ላይ አምስት ቀን ተኛ። በወቅቱ የሟቾቹ ቁጥር 4,000 ገደማ ነው ቢባልም፣ የኋላ ጥናቶች እስከ 12,000 አድርሰውታል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ግዙፎቹ ማመንጫዎች ከከተማ ርቀው፣ ለከሰል ማውጫዎቹ ቀርበው፣ በትሬንት ወንዝ ዳርና በዮርክሸር ተተከሉ።

በ1990 ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ ሁለት ሦስተኛው ያህል ከከሰል ይመነጭ ነበር። በዚያው ዓመት የኤሌክትሪክ ዘርፉ ወደ ግል ይዞታ መዛወር ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጋዝን ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ማዋልን የገደበው የአውሮፓ ማኅበረሰብ ደንብ ተነሣ። የሰሜን ባሕር ጋዝ በእጅ ነበር፤ ቴክኖሎጂውም ደርሶ ነበር። በአዲሶቹ ማመንጫዎች የሚቃጠለው ጋዝ በቀጥታ አንዱን ተርባይን ያዞራል፤ ከዚያ የሚወጣው ግለት ውኃ አፍልቶ በእንፋሎት ሌላ ተርባይን ያዞራል። በዚህ መንገድ ከነዳጁ ጉልበት ከግማሽ በላዩ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ነባሮቹ የከሰል ማመንጫዎች ከሲሶ ብዙም አያልፉም ነበር። ለመገንባትም ርካሽና ፈጣን ስለነበሩ ባለሀብቱ ወደ ጋዝ ጎረፈ። በ2000 ጋዝ ከከሰል በልጦ 40 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር።

የከሰል ሁለተኛው ውድቀት ግን ከመጀመሪያው ይበልጥ ያስገርማል። በ2012 ጋዝ በመወደዱ ከሰል አንሰራርቶ እንደገና ወደ 40 በመቶ ተጠግቶ ነበር፤ በ2016 ወደ 9 በመቶ አሽቆለቆለ። ከሁሉ በላይ የጎዳው ግብር ነው። መንግሥት በ2013 ማመንጫዎች በሚለቁት ካርቦን ላይ ተጨማሪ ክፍያ ጣለ፤ ክፍያው በ2015 በቶን 18 ፓውንድ ገደማ ሆነ። ለእኩል ኤሌክትሪክ ከሰል ከጋዝ በእጥፍ የሚበልጥ ካርቦን ስለሚለቅ የሚያከስረው እሱን ነበር። የአውሮፓ የአየር ብክለት ደንብም አሮጌዎቹን ማመንጫዎች ከሥራ አስወጣ። በባሕር ላይ የነፋስ ተርባይኖች በዙ፤ የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ፍጆታም ከ2005 ወዲህ ቀነሰ። ኤፕሪል 21 ቀን 2017 አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቀን ያለ ከሰል ዋለች። በ2020 ከኤፕሪል እስከ ጁን ይህ ወደ 68 ተከታታይ ቀናት ከፍ አለ።

የመጨረሻው ማመንጫ በኖቲንግሃም አቅራቢያ የሚገኘው ራትክሊፍ ኦን ሶር ነው። ስምንት የማቀዝቀዣ ማማዎችና እያንዳንዳቸው 500 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ አራት ዩኒቶች ነበሩት፤ በአጠቃላይ 2,000 ሜጋ ዋት፣ ማለትም ከእኛ ግልገል ጊቤ ሦስት ጥቂት ይበልጣል። የመጨረሻው የከሰል ባቡር በጁን 2024 1,650 ቶን ገደማ ጭኖ ደረሰ። መንግሥት ከሰልን ለማቆም ማሰቡን ያስታወቀው በ2015 ስለነበር፣ ሠራተኞቹ የሚመጣውን አውቀው ለመዘጋጀት ዓመታት አግኝተዋል። ከ1984 እስከ 1985 ዓመት የፈጀውን አድማ አድርገው የተሸነፉት የማዕድን ቆፋሪዎች ይህን ዕድል አላገኙም። ጉድጓዶቻቸው በተከታታይ ሲዘጉ ሌላ እንጀራ ያልተዘጋጀላቸው መንደሮች በአንድ ትውልድ ደኸዩ። የኃይል ለውጥ ታሪክ ሲጻፍ በሜጋ ዋት ብቻ መለካቱ እነዚህን ሰዎች መርሳት ይሆናል።

የዮርክሸሩ ድራክስ፣ በአገሪቱ ትልቁ የነበረው የከሰል ማመንጫ፣ አሁን በአብዛኛው ከሰሜን አሜሪካ በመርከብ የሚመጣ የተፈጨና የታመቀ እንጨት ያቃጥላል። በመዝገብ ላይ ታዳሽ ተብሎ ቢቆጠርም፣ የተቆረጠው ዛፍ ተተክቶ እስኪያድግ የሚፈጀው ጊዜ ሲታሰብ ይህ ስያሜ አጠያያቂ ነው።

በ2024 ከብሪታንያ ኤሌክትሪክ ሲሶ ያህሉ ከነዳጅ የመነጨ ነው፤ እሱም ከሞላ ጎደል ጋዝ ነው። ነፋስም 30 በመቶ ገደማ ደርሷል። ይሁን እንጂ በጅምላ ገበያው ላይ የኤሌክትሪክን ዋጋ የሚወስነው ፍላጎቱን ለመሙላት በመጨረሻ የሚጠራው ውድ ማመንጫ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የጋዝ ማመንጫ ነው። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር የጋዝ ዋጋ በመናሩ የቤተሰብ የመብራት ሒሳብ አብሮ የተሰቀለው በዚህ ምክንያት ነው። የሰሜን ባሕር ምርት ከ2000 ወዲህ በማሽቆልቆሉ ጋዙ ከኖርዌይ በቧንቧ፣ ከአሜሪካ ደግሞ ወደ ፈሳሽ ተለውጦ በመርከብ ይገባል። በ2024 ሥልጣን የያዘው መንግሥት በ2030 ከሚመነጨው ቢያንስ 95 በመቶው ከንጹህ ምንጭ እንዲሆን አቅዷል። የጋዝ ማመንጫዎቹ ግን አይፈርሱም፤ ነፋስ በማይኖርባቸው የብርድ ወራት ምሽቶች ተጠባባቂ ሆነው ይቆያሉ።