የማር እንጀራ ፊልም ምንድን ነው?

«ፊልም እሠራለሁ» ስል እህቴ «የት ሲኒማ ቤት ነው የሚታየው?» ትለኛለች። የኔ ፊልም ግን የሲኒማ አይደለም፤ እንደ ማር እንጀራ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። እሷስ ግድ የለም። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሰሞኑን አንድ አዋቂ ነኝ ባይ «ፕላስቲኩ ሲፈላ አረፋ ያወጣል፣ አረፋው ሲፈነዳ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል» ብሎ ሲያስረዳ ሰማሁ። እንዲህ ሲባል ስሰማ ሦስተኛዬ ነው። አሁንስ በዛ!

ግማሹ ጥፋት የስሙ ነው። ንብ የምትሠራውን ነገር እኛ «የማር እንጀራ» እንላለን፤ እንጀራ የሚል ቃል ከሰማን ደግሞ ሐሳባችን በቀጥታ ምጣድ ላይ ያርፋል። የእንጀራ ዓይን ከየት እንደሚመጣ ጋግራችሁ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በቦካው ሊጥ ውስጥ ያለው ጋዝና እንፋሎት ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ነው ዓይኑ የሚከፈተው። የኛ ፊልም ላይ ግን ቀዳዳውን የሚሠራው ከላይ፣ ከአየሩ የሚመጣ ውሃ ነው። የግድ ከምጣድ ጋር ካልተመሳሰለ ካላችሁ፣ ዓይኑን ተዉትና ከአክንባሎው የሚንጠባጠበውን ውሃ ውሰዱ። እሱ ይቀርባል።

ሥራው እንዲህ ነው። የሚጣል የሻይ ኩባያ ከሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ከፖሊስታይሪን፣ ትንሽ ወስዳችሁ ክሎሮፎርም ውስጥ ታሟሙታላችሁ። (ይህን ቤታችሁ እንዳትሞክሩት፤ ክሎሮፎርም ጉበት ይጎዳል፣ ጭስ መሳቢያ ባለበት ብቻ ነው የሚነካው። አንዳንዶች የሚጠቀሙበት ካርቦን ዳይሰልፋይድ ደግሞ በትንሽ ሙቀት ይነዳል።) መስታወት ላይ ታፈሱታላችሁ፣ እርጥብ አየር ታነፍሱበታላችሁ፣ በቃ። ክሎሮፎርሙ ቶሎ ይተናል፤ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት ክንዳችሁ ላይ የሚቀባው አልኮል ለምን እንደሚቀዘቅዛችሁ አስቡ። እዚህም የፈሳሹ ፊት በጣም ስለሚበርድ፣ ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ እንደሚያልበው ሁሉ የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ጤዛ ይሆናል። ልብ በሉ፣ የሚፈላ ነገር የለም! ክሎሮፎርም የሚፈላው 61 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የኛ ፈሳሽ ፊት ግን ከክፍሉ አየር በታች ወርዷል። የሚበርድን ነገር «ፈላ» ማለት ምን ይባላል?

ጠብታዎቹ ያድጋሉ፣ ይጠጋጋሉ፣ ላዩን ይሞሉታል። ክሎሮፎርሙ ተንኖ ሲያልቅ ፕላስቲኩ በዙሪያቸው ይደርቃል። በመጨረሻ ውሃውም ይተናል። ቀዳዳው የጠብታው ዱካ ነው።

ታዲያ ስድስት ማዕዘኑ ከየት መጣ? እዚህም ላይ ይሳሳታሉ። ቀዳዳዎቹ ክብ ናቸው፤ ስድስት የሚለው አሰላለፉን ነው። ጅማ ላይ ተቀምጬ ሌላ ምሳሌ መፈለግ ነውር ስለሆነ፣ ሲኒዎችን ረከቦት ላይ ክፍተት እንዳይኖር አጠጋግታችሁ ደርድሩ። መካከል ያለችውን ሲኒ ስንት ሲኒ ከበባት? ስድስት። ማንም ስድስት ማዕዘን አልቀረጸም፣ ክብ ነገር ሲጠጋጋ እንዲህ ይሆናል። አሁን በሲኒዎቹ መካከል የቀለጠ ሰም አፍስሱና ሲደርቅ ሲኒዎቹ ተነው ጠፉ በሉ። የቀረው ሰም የኛ ፊልም ነው።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው። ሲኒዎቹ እኩል የሆኑት ፋብሪካ ስለሠራቸው ነው፤ ጠብታዎቹ ግን አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ ተወልደው በአንድ ፍጥነት ስለሚያድጉ ነው የሚመጣጠኑት። ሌላው፣ ሁለት ሲኒ ቢነካካ ሁለት ሲኒ ነው፤ ሁለት ጠብታ ቢነካካ ግን አንድ ትልቅ ጠብታ ይሆናል። ታዲያ ለምን አይዋሐዱም? ፕላስቲኩ የጠብታውን ገላ እንደ ስስ ልብስ ስለሚያለብሰው ነው። ለዚህ ነው ማንኛውም ፕላስቲክ የማይሆነው፤ ጫፉ ላይ ውሃ የሚወድ ነገር ያለው ወይም እንደ ኮከብ ቅርንጫፍ ያለው ሲሆን ይሻላል። ተራው ፖሊስታይሪን ብዙ ጊዜ ዥጉርጉር፣ ትልቅና ትንሽ የተደባለቀበት ቀዳዳ ነው የሚሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1994 ዊዳውስኪ፣ ራዊሶና ፍራንስዋ የሚባሉ ተመራማሪዎች ነገሩን ለዓለም ያሳዩት በኮከብ ቅርጽ ፖሊስታይሪን ነው። መስታወት ላይ «እፍ» ሲባል የሚታየውን ጤዛ ግን የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ሬይሊ ገና እ.ኤ.አ. በ1911 ጽፎበታል፤ ዘዴው እስከ ዛሬ «የትንፋሽ ምስል» የሚባለውም ለዚህ ነው።

መጠኑንም ላንሳ፣ ምክንያቱም «የማር እንጀራ» ሲባል ሰው በዓይኑ የሚያየው ይመስለዋል። የሠራተኛ ንብ አንድ ክፍል ስፋቱ 5 ሚሊሜትር ያህል ነው። የኛ ቀዳዳ 5 ማይክሮሜትር ቢሆን ከዚያ አንድ ሺህ ጊዜ ያንሳል። በዓይን የምታዩት ወተት የመሰለ ስስ ነገር ነው፣ ወደ ብርሃን ዘንበል ስታደርጉት ቀስተ ደመና የሚያወጣ። በማይክሮስኮፕ የሚነሳው የሚያምረው ፎቶ ደግሞ፣ የኔም ጭምር፣ ከፊልሙ ምርጡ ቦታ ነው። ጠርዙን አናሳያችሁም።

አንድ የምወደው ነገር አለ። ጠብታው ኳስ ስለሆነ ቀዳዳው ከአፉ ይልቅ ሆዱ ይሰፋል፤ የሁለት ጎረቤታሞች ግድግዳ ሆዳቸው ጋ በጣም ይሳሳል። ስለዚህ ፕላስተር ለጥፋችሁ ስትገሸልጡት ከዚያው ላይ ይበጠስና መርፌ መርፌ የመሰለ ነገር ይቀራል። ላዩ ላይ የወደቀ ውሃ እንደ ዶቃ ይንከባለላል። በአረፋ ፍንዳታ ቢሆን ኖሮ ይህ ሥርዓት ከየት ይመጣ ነበር?

ደግሞ ክርክሩን መፍታት ቀላል ነው። ክረምት ላይ ጅማ ዝናብ ሲያዘንብ መስኮት ከፍተን ብንሠራም ፊልሙ ነጭ ይወጣል። ጥር ላይ ቀትር ሲሆን አየሩ ይደርቃል፤ ባለፈው አንዲት ተማሪዬ ያንኑ ፈሳሽ፣ ያንኑ መስታወት ይዛ ስትሠራ ፊልሙ ጥርት ብሎ ወጣ፣ አንድ ቀዳዳ የለውም። «ጋዙ አልወጣ ብሎ ይሆን?» አለችኝ። ምንም አልመለስኩላትም። ክዳን ያለው ማሰሮ አመጣሁ፣ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ከሥሩ አስቀመጥን፣ መስታወቱን ከላይ አድርገን እንደገና አፈሰሰች። ትንሽ ቆይቶ ነጣ።