የጣና ውሃ ሲሸሽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጣና ጢም የሚለው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል አባይ ያመጡትን ሁሉ ያስገቡበትና ከመስከረም ማብቂያ በኋላ መሸሽ ይጀምራል። ደንቢያና ፎገራ ላይ ገበሬው ውሃውን እግር በእግር እየተከተለ ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ ከብቱም ወደ ለምለሙ ሣር ይወርዳል። ሰው ወደ ሐይቁ አብዝቶ የሚጠጋው ያኔ ስለሆነ፣ ስለ ዳርቻው የሚወራው ስህተትም ያኔ ነው የሚጎዳው።

«መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ ደርቋል።»

የደረቀው ላዩ ነው። ዋልካ አፈር ፀሐይ ሲያገኘው ቅርፊት ያበጃል፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ ግን ገና አልጠነከረም። እንቦጭ የተከመረበት ዳርቻ ደግሞ ከሩቅ ሜዳ ይመስላል፣ ሥሩ ውሃ ነው። ከመርገጥ በፊት በዱላ መውጋት ነው፤ ዱላው ያለ ትግል ከገባ መመለስ። ማጥ የያዘው ሰው አንዱን እግር ለማውጣት በሌላው ሲጫን ሁለቱም ይሰምጣሉ። ወደ ኋላ ጋደም ብሎ ክብደቱን በጀርባው ያሳርፍ፤ ጭቃው እንዲላቀቅ እግሩን እያነቃነቀ ቀስ ብሎ ይሳብ። ሊያወጣው የመጣውም ዘሎ አይግባ፣ ገመድ ወይም ረጅም እንጨት ያቀብለው። ገመድ ከሌለ ጋቢም ያገለግላል።

«አምናም በዚሁ ነው የተሻገርኩት።»

ወንዞቹ በየክረምቱ ደለል ይዘው ስለሚገቡ አፋቸው አካባቢ ወለሉ ይለዋወጣል። የአምናው መሻገሪያ ዘንድሮ ገደል ሊሆን ይችላል። ዋና መቻልም ጭቃና ሐረግ እግር ሲይዙ ብዙ አይረዳም።

«ጉማሬ ሣር በል ነው፤ ካልነኩት አይነካም።»

ሣር በልነቱ እውነት ነው። ችግሩ ሣሩን ፍለጋ ማታ ማታ መውጣቱ ነው፤ ውሃው የለቀቀው ለምለም መስክና ማሳ ደግሞ አፍንጫው ሥር ነው። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝነው ይህ እንስሳ ለአጭር ርቀት በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ማንም አያመልጠውም። የሚከፋው ደንግጦ ወደ ውሃው ሲመለስ መንገዱ ላይ ሰው ሲያገኝ ነው፤ ያኔ መንካት አለመንካት የሚባል ነገር የለም። መሄጃው ይታወቃል፦ እግሮቹ ተራርቀው ስለሚያርፉ ሁለት ቦይ ይሠራል፣ መሐሉ ጉብ ብሎ ይቀራል። ፋንድያውን በጅራቱ ስለሚበትነው ዳር ዳሩ ያለው ቁጥቋጦም የተለጠፈበት ይሆናል። የሰብል ጠባቂ ጎጆ እዚያ ላይ አይሠራም፤ ሲመሽና ሲነጋጋም በዚያ አይታለፍም።

«ወባ ከዝናቡ ጋር ያልፋል።»

እንዲያውም የሚብሰው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። የከብት ኮቴ ያቆረው ውሃ ለትንኟ መራቢያ ይበቃታል። አጎበሩ አይታጠፍ።

«ቢልሃርዝያ የሚይዘው ቆሻሻ ውሃ የጠጣ ነው።»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ትል የሚገባው በቆዳ ነው፤ ውሃው ጠጠሩን የሚያሳይ ጥርት ያለ ቢሆንም ለውጥ የለውም። ተሸካሚዎቹ ቀንድ አውጣዎች ሣር በበዛበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ይኖራሉ፤ ትሉን አብዝተው የሚለቁት ደግሞ ፀሐይ ስትበረታ፣ ልጆች ለዋና እናቶች ለልብስ አጠባ በሚወርዱበት ሰዓት። ውሃው ተቀድቶ ተከድኖ ሁለት ቀን ካደረ ለመታጠብ ይሆናል፤ ለመጠጥ ግን ይፈላ። የቢልሃርዝያ መድኃኒት የሆነውን ፕራዚኳንቴል የወሰደ ሰውም «ታክሜአለሁ» ብሎ መግባት የለበትም፤ መድኃኒቱ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ዳግም ከመያዝ አይከላከልም። ለጥምቀት ከውጭ መጥታችሁ ባሕር ዳር እግራችሁን የነከራችሁም፣ ከወራት በኋላ የሆድ ቁርጠት ወይም ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ ለሐኪማችሁ ሐይቅ መግባታችሁን ንገሩት፤ በምትኖሩበት አገር ሐኪሙ ራሱ ላይጠይቅ ይችላል።