ፓሌርሞ አሮጌው ከተማ ጥግ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው የሚሰማቸው ወሬዎች

ጣሊያን ውስጥ ጥቂት ዩሮ ያጠራቀሙ ሐበሾች ሲገናኙ ወሬው ዞሮ ዞሮ ቤት ላይ ያርፋል። የሲሲሊ ደሴት ዋና ከተማ የፓሌርሞ ዋጋ ደግሞ ከሚላንና ከሮም አንጻር ያጓጓል። የባላሮ ገበያ ቅርብ ነው፣ ባሕሩም ሩቅ አይደለም። ልጆች ያሉት ሰው ቢከጅል አይፈረድበትም። ችግሩ፣ አብሮ የሚመጣው ወሬ ግማሹ ስህተት መሆኑ ነው።

«ሲሲሊ ውስጥ ቤት በ1 ዩሮ ይሸጣል»

አዎ ይሸጣል፤ ፓሌርሞ መሀል ግን አይደለም። እነዚያ ቤቶች ያሉት ወጣቱ ጥሏቸው በሄደ እንደ ሙሶሜሊ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ነው። ገዢው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ዓመት፣ ሊያድሰው ይፈርማል። መያዣ ገንዘብም ያስይዛል። ዋናው ዋጋ እድሳቱ ነው።

«ኖታዮ ካየው አለቀ»

ሰው ኪሱን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የሽያጭ ውሉን የሚያጸድቀውን ኖታዮን አንዳንዱ እንደ አዲስ አበባው ውልና ማስረጃ፣ ሌላው እንደ ግል ጠበቃው ያየዋል። ሁለቱም ልክ አይደለም። ኖታዮ ለሁለቱም ወገን እኩል የቆመ የመንግሥት ሹም ነው። ክፍያውን ግን ባብዛኛው የሚሸፍነው ገዢው ስለሆነ፣ የሚመርጠውም ገዢው ነው። ደላላው ያመጣውን ብቻ መቀበል ግዴታ አይደለም።

ኖታዮ ሻጩ እውነተኛ ባለቤት መሆኑንና ቤቱ በባንክ ዕዳ አለመያዙን ይፈትሻል። ቤቱ ድረስ ሄዶ ሜትር አይዘረጋም። ሻጩ ድሮ ያለ ፈቃድ በረንዳውን ዘግቶ ኩሽና አድርጎት ከሆነ፣ ኖታዮ ፊት ያለው ፕላን ላይ አሁንም በረንዳ ነው። ከ2010 ጀምሮ ፕላኑና ቤቱ መግጠማቸው በሽያጭ ውሉ ላይ እንዲረጋገጥ ሕጉ ያዛል፤ ግን ይገጥማል ብሎ የሚፈርመው ራሱ ሻጩ ሊሆን ይችላል። ፕላኑ ቢገጥምም ነገሩ አያልቅም። ፕላኑ ያለበት ካታስቶ የሚባለው መዝገብ ለግብር ነው፤ የግንባታ ፈቃዱ ያለው ማዘጋጃ ቤት ነው። ሁለቱንም አገላብጦ ከግድግዳው ጋር የሚያመሳክር ጄኦሜትራ የሚባል ባለሙያ አለ። ኖታዮ የወረቀቱን ቤት ያያል፣ ጄኦሜትራ የድንጋዩን። እኔ ብሆን ከቀለም ቀቢ በፊት የምከፍለው ለእሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጣሊያንኛ የማያውቅ ሰው ውሉን በአስተርጓሚ ነው የሚፈርመው፤ ሕጉ ያዛል። አፍሮ «ሲ፣ ሲ» ማለት አያስፈልግም።

«ፕሮፖስታ ገና ወረቀት ነው»

ደላላው ቼክ ተቀብሎ የሚያስፈርማችሁ ፕሮፖስታ (የግዢ ጥያቄ)፣ ሻጩ መቀበሉን ከሰማችሁ በኋላ ያስራችኋል። ያስያዛችሁት ገንዘብ፣ ካፓራው፣ ከእኛ ቀብድ ጋር ይመሳሰላል፤ ገዢ ካፈረሰ ይቀልጣል፣ ሻጭ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ቀብድ የሚለው ይህንኑ ነው። ጣሊያን ውስጥ ግን ሌላው ወገን ቀብዱን ትቶ «ውሉ ይፈጸምልኝ» ብሎ ፍርድ ቤት መሄድም ይችላል። ስለዚህ በባንክ ብድር የምትገዙ ከሆነ «ብድሩ ካልተፈቀደ ውሉ ይፈርሳል» የሚለው ሐረግ ከመፈረማችሁ በፊት ይግባ።

«ግብሩ ከሽያጩ ዋጋ ላይ ነው»

ከግለሰብ ለሚገዛ መኖሪያ ቤት፣ ገዢው ውሉ ላይ ከጠየቀ፣ አይደለም። በካታስቶ የተመዘገበው ሬንዲታ (ለግብር የተገመተው የቤቱ ገቢ) ለምሳሌ 500 ዩሮ ከሆነ፣ ለመጀመሪያ ቤት በ115.5 ተባዝቶ 57,750 ይሆናል። 2 በመቶው 1,155 ዩሮ ነው። ሁለተኛ ቤት ከሆነ በ126 ተባዝቶ 9 በመቶ ይታሰባል፤ 5,670 ዩሮ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በመጀመሪያ ቤት ስም ለመግዛት፣ ነዋሪነታችሁ እዚያው ከተማ ካልሆነ በ18 ወር ውስጥ ማዛወር አለባችሁ።

«ቤት ከገዛሁ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጠኛል» የሚለውን በአጭሩ፦ ጣሊያን ውስጥ አይሰጥም። ስፔንም በቤት ግዢ የምትሰጠውን በሚያዝያ 2025 ዘግታዋለች።

«ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ምንም አይነካውም»

በጋ ላይ ያቀዘቅዛል፣ እውነት ነው። ግን የድሮ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል። ምድር ቤት ከሆነ ደግሞ ይብሳል። በኖራ ፈንታ በሲሚንቶ ከተለሰነ እርጥበቱ መውጫ ያጣና ልስኑን ያፈርሰዋል። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም ካያችሁ ጠርጥሩ። ቤቱን ደግሞ ዝናብ በዘነበ ማግስት እዩት።

«አውሮፓ ነው፣ ውሃ አይጠፋም»

በ2024 መጸው ድርቁ ከፍቶ ፓሌርሞ ውስጥ ውሃ በሰፈር በሰፈር በፈረቃ ሆኖ ነበር። ከዚያ በፊትም ቢሆን ጣሪያ ላይ የውሃ ታንከር ማየት እዚያ ብርቅ አይደለም። እኛ ሮቶ የምንለው ማለት ነው። ስለዚህ ቤቱን ስታዩ ጣሪያው ላይ ውጡና ጠይቁ፦ ሮቶው የዚህ ቤት ነው ወይስ የጎረቤት?