የባክአፕ ማክሮ ምንድን ነው? ሲበላሽስ ለምን አይናገርም?

አራት ኪሎ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ቆሜ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ስለሆነ ወረፋው ደጅ ድረስ ወጥቷል። ድንገት መብራት ሄደ። ሲመጣ ታይፕ የምታደርገው ልጅ ሰነዱን ልትከፍት ሞከረች። ፋይሉ ተበላሽቷል፤ አልከፈት አለ። «ግድ የለም፣ ባክአፕ (መጠባበቂያ ኮፒ) አለው» ብላ ባለፋይሏን ተማሪ አጽናናቻት። ፎልደሩን ስትከፍት ግን የመጨረሻው ኮፒ የሦስት ሳምንት ሆኖ ተገኘ። ኮፒውን የሚያስቀምጠው ማክሮ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልሠራም። አልሠራሁም ብሎም አልተናገረም።

የተማሪዋ ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ማክሮ ጽሑፍ በምንጽፍበት ፕሮግራም፣ በወርድ ውስጥ ተጽፎ የሚቀመጥ ትእዛዝ ነው። በእጃችን ደጋግመን የምንሠራውን አንድ ጊዜ እንጽፍለታለን፤ ከዚያ በኋላ እሱ ይሠራልናል። የሚጻፍበት ቋንቋ ቪቢኤ ይባላል። የባክአፕ ማክሮ ደግሞ ሰነዱን ሴቭ ባደረግን ቁጥር አንድ ኮፒ ሌላ ቦታ ያስቀምጣል፤ ብዙ ጊዜም ቀንና ሰዓቱን በስሙ ላይ ይጨምራል። ብዙዎች ማክሮውን «ፋይልሴቭ» ብለው ይሰይሙታል። ወርድ የራሱን የሴቭ ትእዛዝ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ስለዚህ ኮንትሮልና ኤስ ስንጫን የእኛ ማክሮ ቦታውን ይዞ ይሠራል።

ወርድ ራሱ አውቶሪከቨር የሚባል፣ ድንገት ቢዘጋ ሰነዱን የሚመልስ መያዣ አለው አይደል? አለው። ቅንብሩ ካልተነካ ሰነዱን በየ10 ደቂቃው ይይዛል። ግን ሰነዱን ሴቭ አድርገን በደህና ስንዘጋው የያዘውን ይጥለዋል። ትናንት የሰረዛችሁትን አንቀጽ ከእሱ አትጠብቁ።

አሁን ወደ ዝምታው እንምጣ። ብዙ ማክሮዎች አናት ላይ «ኦን ኤረር ሪዚዩም ኔክስት» የሚል መስመር አለ። ስህተት ቢገጥምህ እንዳላየ ሆነህ እለፍ ማለት ነው። የሚጨምሩት ሰዎች ደንበኛ ፊት የስህተት መልእክት እንዳይወጣ ብለው ነው። በእኔ እምነት ባክአፕ ላይ ይህንን መስመር መጻፍ የጭስ ማስጠንቀቂያን ድምፅ እንደ መዝጋት ነው። አልትና ኤፍ 11 ተጭናችሁ ማክሮው የተጻፈበትን መስኮት ክፈቱ። ከዚያ መስመር ፊት አንድ ነጠላ ጭረት (') አድርጉ፤ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሥራውንም ያቆማል። ከዚያ ኤፍ 8ን አንድ አንድ እያላችሁ ተጫኑ። ማክሮው መስመር በመስመር በቢጫ እየተቀባ ይሄዳል። የሚቆምበት መስመር በሽታው ያለበት ነው።

የስህተት ቁጥሩን አትለፉት። 76 ከሆነ የጻፋችሁለት ፎልደር የለም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፍላሽ ነው። ትናንት ኢ (E:) በሚል የድራይቭ ፊደል የተከፈተው ፍላሽ ዛሬ ሌላ ሰው ቀድሞ ሲሰካ ኤፍ (F:) ይሆናል፤ ማክሮው ግን ኢ ላይ ይፈልገዋል። 70 ከሆነ ደግሞ «ፋይል ኮፒ» የሚባለውን የቆየ ትእዛዝ ጠርጥሩ፤ የተከፈተ ፋይል ኮፒ ማድረግ አይችልም። በምትኩ «ፋይል ሲስተም ኦብጀክት» የሚባለውን ተጠቀሙ።

በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች ግን ከሁሉም የሚከፋው ሌላ ነው። የቪቢኤ መጻፊያ መስኮት ፊደላችንን አያውቅም። የሚሠራው በቆየ የፊደል ሰንጠረዥ ነው፤ በዚያ ውስጥ ግዕዝ ቦታ አልተሰጠውም። የፎልደሩን ስም «የደንበኞች ፋይል» ብላችሁ ብትጽፉ እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል። የጥያቄ ምልክት ደግሞ ዊንዶውስ በፋይል ስም ላይ ከሚከለክላቸው ዘጠኝ ምልክቶች አንዱ ነው። መፍትሔው የባክአፕ ፎልደሩን በላቲን ፊደል መሰየም ነው። የግድ በአማርኛ ይሁን ካላችሁ ፊደሉን በዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ) ቁጥሩ መጥራት ይቻላል፤ ለምሳሌ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው። አድካሚ ነው፣ ግን ይሠራል።

ከተከለከሉት ውስጥ ቀንን የምንለይበት እዝባር (/) እና ሰዓት የምንጽፍበት ሁለት ነጥብም (:) አሉ። ስለዚህ 12/3/2018 ብሎ ፋይል መሰየም አይሆንም። ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል በሰረዝ እየለያችሁ ጻፉ፤ ፋይሎቹም በየተራቸው ይደረደራሉ። ማክሮው የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ነው፤ ጳጉሜን አያውቃትም። አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ሰዓቱንም እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ካለቀች፣ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ስሞች ይደገማሉ፤ አዲሱ ኮፒ ሳይጠይቅ በአሮጌው ላይ ይጻፍበታል።

አንድ በጣም የምፈራው አለ። አንዳንድ ማክሮ ኮፒውን የሚሠራው «ሴቭ አዝ» በሚለው ትእዛዝ ነው። ኮፒው ይቀመጣል፣ ስህተትም አይወጣም። ነገር ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የተከፈተው ሰነድ ኮፒው ነው። ቀኑን ሙሉ የምትጽፉት ባክአፑ ላይ ነው፤ ዋናው ፋይል ጠዋት በነበረበት ይቀራል። ማታ ዋናውን ለደንበኛ በቴሌግራም ስትልኩ የቀኑ ሥራ የለበትም። ሴቭ ካደረጋችሁ በኋላ መስኮቱ አናት ላይ ያለውን ስም ተመልከቱ። የኮፒው ስም ከሆነ፣ ማክሮው ዋናውን መልሶ እንዲከፍት አስተካክሉት።

ማክሮው ጭራሹን የማይነሳ ከሆነ ሁለት ነገር ጠይቁ። ኮምፒውተሩ በቅርቡ ፎርማት ተደርጓል? ማክሮው ይቀመጥ የነበረው «ኖርማል» በሚባለው የወርድ ቴምፕሌት (የአዲስ ሰነዶች መነሻ ፋይል) ውስጥ ከሆነ አብሮ ጠፍቷል። ወይስ ፋይሉ ከኢንተርኔት የወረደ ነው? ከ2022 ወዲህ ማይክሮሶፍት እንዲህ ባለ ፋይል ውስጥ ያለን ማክሮ በራሱ ያግዳል። ምክንያት አለው፤ በ1999 ሜሊሳ የሚባለው ቫይረስ በኢሜይል የተሠራጨው በወርድ ማክሮ ነበር። ስለዚህ ሁሉንም ማክሮ ፍቀድ የሚለውን አትንኩ። ማን እንደጻፈው የምታውቁትን ፋይል ብቻ ለይታችሁ ክፈቱለት።

የአራት ኪሎው ማክሮ ችግሩ የጥያቄ ምልክቱ ነበር። የቤቱ ባለቤት ከሦስት ሳምንት በፊት ፎልደሮቹን ሲያስተካክል የአማርኛ ስም ሰጥቶ፣ ያንኑ ስም ማክሮው ውስጥ ጽፎታል። ተማሪዋ የእጅ ጽሑፏን ይዛ ተመለሰች፤ ልጅቷም ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ እንደገና ጻፈችላት። አሁን ሱቁ ሲከፈት የመጀመሪያ ሥራዋ ከባክአፕ ፎልደሩ የትናንቱን ኮፒ ከፍታ የመጨረሻውን ገጽ ማየት ነው።