በከርሰ ምድር የከሰል ማዕድን የጣሪያ ንባብ አያያዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ላይ ከጣና በስተሰሜን ስላለው የጭልጋ የድንጋይ ከሰል ሲነሳ ውይይቱ በመጠኑና በጥራቱ ላይ ያተኩራል፤ ከመሬት በታች የሚቆፍረው ሰው ጣሪያ፣ ማለትም ከራሱ በላይ ያለው ዓለት፣ እንዴት እንደሚጠበቅ ግን እምብዛም አይነሳም። የጣሪያ ንባብ የምንለውም ይህ ዓለት ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ በመሣሪያ የሚለካው ቁጥር ነው። ጉዳዩ ሩቅ የሚመስለው ካለ፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ውኃውን ከሐይቁ የሚወስደው ዓለት ተፈልፍሎ በተሠራ ረጅም ዋሻ መሆኑን ያስታውስ።

«ዋናው ነገር ጣሪያው በድምሩ ስንት ሚሊሜትር ወረደ የሚለው ነው።» ድምሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ለምሳሌ በዓመት ውስጥ 20 ሚሊሜትር ወርዶ የረጋ ጣሪያ እምብዛም ላያሰጋ ይችላል፤ በአንድ ፈረቃ 3፣ በተከታዩ ፈረቃ 6 ሚሊሜትር የወረደው ግን ሠራተኛን ከሥሩ ወዲያው ሊያስወጣ ይገባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ንባብ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመሣሪያውን ቦታ፣ እንዲሁም የቁፋሮው ግንባር (ከሰሉ የሚቆረጥበት ጫፍ) በዚያ ሰዓት ምን ያህል ይርቅ እንደነበር ይዞ መመዝገብ አለበት። የመጀመሪያው ንባብ መሣሪያው እንደተተከለ ካልተወሰደ ደግሞ፣ ግንባሩ ቅርብ ሳለ የሚደርሰው እንቅስቃሴ፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ዋናው እንቅስቃሴ፣ ከመዝገቡ እስከመጨረሻው ይጎድላል።

«ጠቋሚው አረንጓዴ ካሳየ ቁጥሩን መጻፍ አያስፈልግም።» በብዙ የከሰል ማዕድናት ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ባለ ሁለት ጠቋሚ መሣሪያ፣ በአንደኛው የጣሪያ ብሎኖቹ (ዓለቱን ለመያዝ ወደ ጣሪያው የሚገቡት ዘንጎች) በያዙት ውፍረት ውስጥ ያለውን መላቀቅ፣ በሁለተኛው ከብሎኖቹ በላይ ያለውን ያሳያል። ቀለሙ በሥሩ የሚያልፈውን ሠራተኛ ለማስጠንቀቅ የተደረገ ነው። መሐንዲሱ ግን ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ከብሎኖቹ በላይ የሚላቀቀው ዓለት ከፍ ብሎ የሚይዝ ረጅም የኬብል ብሎን ሊጠይቅ ይችላል፣ ሁለቱን ደምሮ የመዘገበ ሰውም ይህን መለያ አጥፍቶታል።

«ሴንሰር ከተገጠመ ሰው አያስፈልግም።» ምንም ለውጥ የማያሳይ ቀጥ ያለ መስመር የረጋ ጣሪያ ወይም የተበጠሰ ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ ገብቶ የሚያረጋግጥ ሰው የግድ ነው።

«የቆየ መረጃ ዋጋ የለውም።» በእኔ እምነት ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2007 በአሜሪካ ዩታ ግዛት በክራንዳል ካንየን ማዕድን በሰሜኑ ክፍል ጣሪያውን እንዲሸከሙ ሳይቆፈሩ የተተዉ የከሰል ምሰሶዎች በኃይል ፈንድተው ሥራው ተቋረጠ፤ ቁፋሮው ግን በደቡቡ ክፍል ቀጠለ። በኦገስት 6 በደረሰው መደርመስ ስድስት ቆፋሪዎች ተቀበሩ፤ ከአሥር ቀን በኋላም ሊያወጧቸው ከገቡት ሦስት ሰዎች ሞቱ። የቀድሞው ክፍል መዝገብ ለቀጣዩ ክፍል ንድፍ መነሻ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ጥሬ ንባብ ፈጽሞ አይሰረዝም፤ እርማት ካስፈለገም ከጎኑ፣ ካረመው ሰው ስምና ከምክንያቱ ጋር ይጻፋል።