በእንግሊዝኛ ሞዳል ግሦችና ባጠሩ ጥገኛ ዐረፍተ ነገሮች ላይ የሚታዩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመድኃኒት መመሪያ፣ የፈተና ትእዛዝ ወይም የሥራ ውል ያነበበ ሰው ሁሉ ያጠረ ጥገኛ ዐረፍተ ነገር ሳያጋጥመው አይቀርም። «ዌን ክሮሲንግ ዘ ሮድ፣ ዩ መስት ሉክ ቦዝ ዌይስ» ሲባል፣ ማለትም «መንገድ ስታቋርጥ ግራና ቀኝ ማየት አለብህ» ሲባል፣ የጥገኛው ሙሉ መልክ «ዌን ዩ አር ክሮሲንግ ዘ ሮድ» ነው፤ ባለቤቱ «ዩ» እና ረዳት ግሡ «አር» ተነሥተውለት አጥሯል። በዋናው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለው «መስት» ደግሞ ሞዳል ከሚባሉት፣ ማለትም ችሎታን፣ ግዴታን፣ ፈቃድን ወይም ምናልባትነትን ከሚገልጹት ዘጠኝ ዋና ዋና ረዳት ግሦች አንዱ ሲሆን፣ የቀሩት ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ሻል፣ ሹድ፣ ዊል እና ውድ ናቸው። ተማሪዎች ሁለቱን ርእሶች በየራሳቸው ምዕራፍ ይማሯቸዋል፤ አንድ ላይ ሲመጡ አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳድረው ጫና ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሳይንሱንም የሒሳቡንም ትምህርት በእንግሊዝኛ ለሚከታተል ተማሪ ይህ ከሰዋስው ፈተና ያለፈ ጉዳይ ነው።

«ሞዳል ግሥም እንደ ሌላው ግሥ አይኤንጂ ተጨምሮበት ሊያጥር ይችላል።» አይችልም። ሞዳል ግሦች በ«ቱ» የሚጀምር ንኡስ አንቀጽ የላቸውም፤ እንደ «ክሮሲንግ» ያለውን የአይኤንጂም ሆነ እንደ «ኦፕንድ» ያለውን የኢዲ ቅርጽ አይወስዱም። ስለዚህ ችሎታን የሚገልጽ ሐሳብ ሲያጥር «ቢይንግ ኤብል ቱ»፣ ግዴታን የሚገልጽ ሲሆን ደግሞ «ሃቪንግ ቱ» ይተካል። «ዋና ስላልቻለ ዳር ላይ ቀረ» ለማለት «ኖት ቢይንግ ኤብል ቱ ስዊም፣ ሂ ስቴይድ ኦን ዘ ባንክ» ይባላል። ምናልባትነትን ለሚገልጹት ሜይ እና ማይት ግን እንዲህ ያለ ምቹ ምትክ ስለማይገኝ፣ ጥገኛውን ሳያሳጥሩ ሙሉውን መጻፍ ይሻላል።

«በጥገኛው ውስጥ ያለው የኢዲ ቅርጽ ድርጊቱ እንዳለፈ ያሳያል።» ይህ ስሕተት የሚመጣው የኢዲን ቅርጽ ሁልጊዜ ከኃላፊ ጊዜ ጋር አያይዞ ከማየት ነው። «ዋንስ ኦፕንድ፣ ዘ ቦትል መስት ቢ ኬፕት ኢን ኤ ሪፍሪጅሬተር» የሚለው መመሪያ ገና ስላልተከፈተ ጠርሙስም ይናገራል፤ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ በማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት ማለቱ ነው። እዚህ ላይ «ኦፕንድ» የሚያሳየው ጠርሙሱ ተከፋች እንጂ ከፋች አለመሆኑን ነው። ቀዳሚነትን በራሱ የሚያመለክተው «ሃቪንግ» ያለበት ቅርጽ ሲሆን፣ «ሃቪንግ ሳይንድ ዘ ኮንትራክት፣ ዩ ሜይ ኖት ቼንጅ ኢት» ሲባል ፊርማው ቀድሞ፣ ክልከላው ተከትሎ ይመጣል፤ ውሉን ከፈረሙ በኋላ መለወጥ አይፈቀድም።

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው አመለካከት «ማሳጠር ቃላትን ይቀንሳል እንጂ ከትርጉሙ ምንም አያጎድልም» የሚለው ነው። እነዚህን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች እንመልከት፦ «ኢፍ ኢንቫይትድ፣ አይ ዊል ጎ»፤ «ኢፍ ኢንቫይትድ፣ አይ ውድ ጎ»፤ «ኢፍ ኢንቫይትድ፣ አይ ውድ ሃቭ ጎን»። የሦስቱም ጥገኛ አንድና ያው ነው። ሳያጥር በፊት ግን የመጀመሪያው «ኢፍ አይ አም ኢንቫይትድ»፣ ሁለተኛው «ኢፍ አይ ወር ኢንቫይትድ»፣ ሦስተኛው «ኢፍ አይ ሃድ ቢን ኢንቫይትድ» ነበረ። ግብዣው ሊመጣ የሚችል፣ በሐሳብ ብቻ ያለ ወይም ሳይመጣ የቀረ መሆኑን ይለዩ የነበሩት እነዚያ የተነሡት ቃላት ናቸው። እነርሱ ሲወገዱ ሸክሙ ሁሉ በዋናው ዐረፍተ ነገር ሞዳል ግሥ ትከሻ ላይ ይወድቃል። አማርኛ ይህን ልዩነት በዋነኛነት የሚያኖረው በጥገኛው ግሥ ላይ ነው፤ «ከተጋበዝኩ እሄዳለሁ»፣ «ብጋበዝ እሄድ ነበር»፣ «ተጋብዤ ቢሆን ኖሮ እሄድ ነበር» እንላለን፤ በመጨረሻዎቹ በሁለቱ ዋናው ግሥ እንኳ አልተለወጠም። የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮው ጥገኛውን እንዲጠብቅ ስለሠለጠነ፣ እንግሊዝኛው ጥገኛውን ባዶ አድርጎ ሁሉን ነገር ለዊል ወይም ለውድ ሲተውለት በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እንደ ቀላል ነገር አይቶ ያልፈዋል። ይህን የሚያስተምር ሰው ለብቻው ጊዜ ሰጥቶ ሊያስረዳው የሚገባ ነጥብ ይመስለኛል። አንድ ነገር ግን መጨመር ያስፈልጋል፦ በሥራ ማመልከቻ ላይ «ኢፍ ሰሌክትድ፣ አይ ውድ ቢ ግላድ ቱ ስታርት ኢሚዲየትሊ» ብሎ የጻፈ ሰው ውድን የተጠቀመው ለትሕትና ነውና፣ አመልካቹ የመመረጥ ተስፋውን ቆርጧል ተብሎ አይተረጐምም።

«የተነሣው ባለቤት ማንም ሊሆን ይችላል፤ አንባቢው ይገባዋል።» በአማርኛ ይህ እውነት ነው፤ ምክንያቱም ቦዝ አንቀጻችን ባለቤቱን በራሱ ላይ ይዞ ይዞራል። «ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ጨቀየ» ስንል የዘነበው ዝናቡ፣ የጨቀየው መንገዱ መሆኑን ለማወቅ ማንም አይቸገርም። የእንግሊዝኛው የአይኤንጂ ቅርጽ ግን የባለቤት ምልክት ስለሌለው፣ አንባቢው ባለቤቱን ከዋናው ዐረፍተ ነገር ይበደራል። «ሃቪንግ ሬይንድ፣ ዘ ሮድ ሜይ ቢ መዲ» ከተባለ የዘነበው መንገዱ ይሆናል፤ ትክክለኛው ጥገኛውን ሳያሳጥሩ «ቢኮዝ ኢት ሃዝ ሬይንድ፣ ዘ ሮድ ሜይ ቢ መዲ» ማለት ነው። ሞዳል ግሥ ከተደራጊ ቅርጽ ጋር ሲመጣ ደግሞ ወጥመዱ ይበረታል። «ዋይል ኩኪንግ፣ ዘ ዶር መስት ቢ ክሎዝድ» የሚለው ማስታወቂያ በሩ ራሱ ምግብ እያበሰለ ነው የሚል ንባብ አለው፤ «ዋይል ኩኪንግ፣ ዩ መስት ክሎዝ ዘ ዶር» ሲባል ግን አብሳዩም ዘጊውም አንድ ሰው ይሆናል። በሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ «ዌን ካልኩሌቲንግ ዘ ዶዝ፣ ዘ ፔሸንትስ ዌይት ሹድ ቢ ኮንሲደርድ» የሚል አጻጻፍ፣ መጠኑን ሲያሰሉ የሕመምተኛው ክብደት ይታሰብ ለማለት፣ በብዛት ይገኛል። አስሊው ማንኛውም ባለሙያ መሆኑ ግልጽ ስለሆነ ብዙ አንባቢ ይቀበለዋል፤ በፈተናና በኦፊሴል ደብዳቤ ላይ ግን ባይጻፍ እመርጣለሁ። «ኢፍ ኔሰሰሪ» እና «ኢፍ ፖሲብል» ከዚህ ሁሉ ነጻ ናቸው፤ የተነሣው «ኢት ኢዝ» ስለሆነ ከዋናው ባለቤት ጋር መስማማት አይጠበቅባቸውም።

«ማንኛውም መስተጻምር ካጠረ ጥገኛ ጋር ይሄዳል» የሚለውም አይጸናም። ዌን፣ ዋይል፣ ኢፍ፣ አንለስ፣ አንቲል፣ ዋንስ እና «ምንም እንኳ» የሚል ትርጉም ያለው ኦልዞ ይቀበላሉ፤ ቢኮዝ አይቀበልም። «ቢኮዝ ቢይንግ ኢል፣ ሺ ኩድ ኖት ካም» ስሕተት ሲሆን፣ መስተጻምሩን ጥሎ «ቢይንግ ኢል፣ ሺ ኩድ ኖት ካም»፣ ማለትም «ስለታመመች መምጣት አልቻለችም» ማለት ይቻላል። ቢፎር እና አፍተር የሚሄዱት ከአይኤንጂ ቅርጽ ጋር ብቻ ነው።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር ስምን የሚገልጽ ጥገኛ ነው። ብዙዎች «ኤኒዋን ሁ ካን ድራይቭ» የሚለውን አሳጥረው «ኤኒዋን ድራይቪንግ» ይሉታል፤ የመጀመሪያው መንዳት የሚችልን ሰው ሁሉ ሲያመለክት ሁለተኛው የሚነዳውን ወይም በመንዳት ላይ ያለውን ብቻ ይመለከታልና፣ ካን ሲጠፋ ችሎታውም አብሮ ጠፍቷል። ግዴታ ሲሆን ግን ቋንቋው ሌላ መንገድ አበጅቷል፦ «ዘ ሌተርስ ዛት መስት ቢ አንሰርድ» የሚለው «ዘ ሌተርስ ቱ ቢ አንሰርድ» ሆኖ ሲያጥር፣ ደብዳቤዎቹ ሊመለሱ የሚገባቸው መሆናቸው በ«ቱ» ውስጥ ተጠብቆ ይቆያል።

በመጨረሻ፣ «በሹድ የሚጀምር ዐረፍተ ነገር ጥያቄ ነው፣ አለዚያም ግዴታን ይገልጻል» የሚለው አለ። «ሹድ ዩ ኒድ ሄልፕ፣ ኮል ዚስ ነምበር» ሲባል እርዳታ ካስፈለግዎት በዚህ ቁጥር ይደውሉ ማለት ነው። ሹድ ወደ ፊት የመጣው ኢፍ ስለተነሣ ነው፤ በዛሬው አጻጻፍ በተለምዶ እንዲህ የሚቀድሙት ሹድ፣ ወር እና ሃድ ብቻ ናቸው። አሉታው ሲጻፍም ኖት ከባለቤቱ በኋላ ይቀመጣል፦ «ሹድ ዩ ኖት ሪሲቭ ኤ ሪፕላይ»፣ ማለትም «መልስ ካልደረሰዎት»። «ሹድንት ዩ» ተብሎ ከተዋሐደ ግን ዐረፍተ ነገሩ በእርግጥ ወደ ጥያቄ ይለወጣል።